ሐዋሳ ላይ የራስን ሥራ መጀመር፦ በተነሳሽነት ጉዳይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አቶቴ አካባቢ አንዲት የስፌት መኪና ይዤ ሥራ ስጀምር የገፋኝ እልህ ነበር። ከቀጣሪዬ ተጣልቼ ስለወጣሁ «አሳያቸዋለሁ» እያልኩ እኩለ ሌሊት ድረስ እሰፋ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ እልሁ በረደ፤ ጠዋት ሱቁን መክፈት ከበደኝ። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው፦ የምንሸሸውን ከምንፈልገው ጋር ማምታታት። እልህ ሥራ ያስጀምራል፤ ደንበኛ የጠፋበትን ሳምንት ግን አያሻግርም። እኔን ያቆየኝ የሰፋሁት ቀሚስ በለባሿ ገላ ላይ ልክ ሲሆን የሚሰማኝ ደስታ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የማልወደውን መጋረጃ ስሰፋ ግማሽ ዓመት ባላባከንኩ ነበር።

ሁለተኛው ግብን አለመመጠን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድ ሰዎች ቀለበት ወርውረው እንጨት ላይ እንዲያጠልቁ ሲያደርግ፣ የሚቆሙበትን ርቀት ለራሳቸው ተወላቸው። የስኬት ፍላጎታቸው ከፍ ያለው በጣም አልቀረቡም፣ በጣምም አልራቁም፤ ቢጥሩ የሚያገኙትን፣ ቢዘናጉ የሚስቱትን መካከለኛ ቦታ መረጡ። በከተማችን ሁለቱንም ጫፍ አያለሁ። አንዱ ጎረቤቱ ጭማቂ ቤት ስለከፈተ ብቻ ጭማቂ ቤት ይከፍታል፤ ሌላው የዕቁብ ብሩንና የዘመድ ብድሩን ይዞ ሐይቁ ዳር ሪዞርት ያልማል። ለጀማሪ ልብስ ሰፊ መካከለኛው ርቀት የ20 ተማሪዎችን የደንብ ልብስ ተቀብሎ ከመስከረም በፊት ማስረከብ ነው። ቢሳካም ባይሳካም ምክንያቱ በአብዛኛው የራሱ እጅ ነውና ይማርበታል።

በማነቃቂያ ንግግር አዳራሽ የሚሰማችሁን ሙቀትም ተነሳሽነት አትበሉት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 የጀመረው፣ በአገራችንም የሚሰጠው ኤምፕሬቴክ የተባለው የሥራ ፈጣሪዎች ሥልጠና የሚያተኩረው እንደ ጽናት፣ መረጃ ፍለጋና ቃል ማክበር ባሉ የዕለት ተዕለት ልማዶች ላይ ነው። የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ ባልተገኘበት ቀንም መረባቸውን ይጠግናሉ። ተነሳሽነት ማለት ለእኔ ያ ነው።

«ችግር ገፍቶኝ ነው የጀመርኩት» እያላችሁም ራሳችሁን ዝቅ አታድርጉ። ተመራማሪዎች ዕድል አይቶ የጀመረውን አማራጭ አጥቶ ከጀመረው ይለያሉ፤ ሰው ግን በጀመረበት ምክንያት ታስሮ አይቀርም። ከሱቄ ፊት ለፊት ቡና የምታፈላው እህት የጀመረችው ልጆቿን ለማብላት ነበር። ዛሬ የይርጋ ጨፌውን ከሲዳማው ጋር እያነጻጸረች ትቆላለች፤ አዲስ አቆላል በሞከረች ቁጥርም የመጀመሪያውን ሲኒ ለእኔ ታቀምሰኛለች።