ሐይቅ ዳር ሎጅ ስታድሩ በር ከመክፈታችሁ በፊት መብራት አጥፉ

ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ፣ ሐይቅ ዳር ባለ የእንጨት ሎጅ ስታድሩ ማታ ክፍሉን በራሪ ነፍሳት ይሞሉታል። ከመምሸቱ በፊት መስኮቱን ዝጉ። በር ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ የውስጡን መብራት አጥፉ። ለክፍሉ ከነጭ ይልቅ ቢጫ ወይም ቀይ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ ያዙ። አብዛኞቹን ነፍሳት በጣም የሚስባቸው ሰማያዊና አልትራቫዮሌት (የሰው ዓይን የማያየው) ብርሃን ነው፤ ቀዩን እምብዛም አያዩትም። የስልክ መብራት ነጭ ስለሆነ እሱም ይጠራቸዋል።

ለወባ ትንኝ ግን ይህን አትመኑ። እሷን የሚመራት ትንፋሻችንና የሰውነታችን ጠረን ነው። አጎበሩን ፍራሹ ሥር ጠቅጥቃችሁ ተኙ። ማታ ከክፍል ስትወጡ ደግሞ ደማቁን ነጭ መብራት አብሩ፤ መንገዱ ላይ የዱር እንስሳ ሊኖር ይችላል።