ከእድር ሰብሳቢነት ወደ ምክር ቤት፦ የሰሜን ሸዋ ዕጩዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሜን ሸዋ ሕዝብ የሚያስተባብር ሰው አጥቶ አያውቅም። እድር የሚመራው፣ የምንጭ ማጎልበቻ ኮሚቴ የሚሰበስበው፣ በመንዝ የጓሳን ሣር በማኅበረሰብ ደንብ የሚያስጠብቀው ሁሉ በየሰፈሩ አለ። ከእነዚህ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ልወዳደር ሲል ደስ ይለኛል፤ ወንበሩ የሚገባው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ብዙዎቹ ግን በማያስፈልግ ነገር ይሰናከላሉ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት በእጅ በማይገባ ሥልጣን ቃል መግባት ነው። ዕጩው መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ «የቀበሌያችሁን ጤና ኬላ አሳድሳለሁ» ይላል። ከተመረጠ በኋላ ግን ጤና ኬላው የወረዳውና የክልሉ ጉዳይ ሆኖ ያገኘዋል። የፌዴራሉ ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራል በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። የሞረትና ጅሩ ገበሬ «ማዳበሪያው ለምን ዘገየ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ሚኒስትሩን በምክር ቤት አቁሜ እጠይቃለሁ፤ የሰጡኝንም መልስ መጥቼ እነግራችኋለሁ» የሚለው ቃል ሊፈጸም የሚችል ነው። ይህን ማለት ጭብጨባ ያሳንስ ይሆናል። ገበሬው ግን ከወረዳ ሲመላለስ ስለኖረ ማን ምን እንደሚችል ያውቃል፤ የሚዋሸውንም በቶሎ ይለያል።

ሁለተኛው እድሩን ለምርጫ መጠቀም ነው። በእድሩ ድንኳን ቅስቀሳ ማድረግ፣ ስም ሲጠራ ስለ ፓርቲ ማውራት፣ ከመዝገቡ ስልክ ቁጥር መልቀም ነውር ነው። ሌላ ዕጩ የምትደግፍ እናት ነገ ሐዘን ቢደርስባት የምትመጣው ወደዚያው እድር ነው፤ ያን ቀን ፊቷ እንዲጨልም ማድረግ አይገባም። እኔ የምመክረው ዕጩው ለመወዳደር እንደወሰነ ሰብሳቢነቱን ለምክትሉ እንዲያስረክብ ነው። መዝገቡ፣ ማኅተሙ፣ ደረሰኙ፣ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ አባላት ባሉበት ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ይፈረም። ወሬ የሚነሣው ከዚህ ጉድለት ነው።

ሦስተኛው ጭብጨባን እንደ ድምፅ መቁጠር ነው። መራጭ 18 ዓመት የሞላውና የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ምዝገባው ካመለጠው ስብሰባ ላይ ቢያለቅስም አይመርጥም። በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ ግማሽ መድረስ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ጥቂት ሰዎች ሳይመዘገቡ መቅረታቸው ወንበር ያሳጣል። የ2013ቱ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን ነው፤ ገበሬው እርሻ ላይ ባለበት ወቅት ማለት ነው። የዕጩው ሰዎች ቀድመው «ካርድ ወስደሃል ወይ?» እያሉ ቤት ለቤት ቢዞሩ ከትልቅ ሰልፍ ይበልጣል። በደብረ ብርሃን መጠለያ ያሉ ተፈናቃዮችንም መርሳት አይገባም፤ እነሱም ዜጎች ናቸው።

የፓርቲን ፕሮግራም ሳያነቡ በዕጩነት መፈረምም ስህተት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ተወካዩ ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው መሆኑን ይደነግጋል፤ ከፓርቲው አቋም ጋር የሚጋጭበት ቀን ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል።

ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉት 4 ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው። በገበያም ሆነ በልቅሶ ቤት አትቀስቅሱ።

የመጨረሻው ከተመረጡ በኋላ መጥፋት ነው። ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ያኔ አባሉ ወደ ምርጫ ክልሉ ወርዶ የጠየቀውን፣ የደገፈውንና የተቃወመውን ሕግ፣ መልስ ያላገኘበትንም ሳይደብቅ ይንገር። ሕዝቡ አመኔታ ካጣበት ተወካዩን ማንሣት እንደሚችል ያው አንቀጽ 54 ይፈቅዳል።