የኮርቻ ቁስልና የቆዳ መላላጥ፦ ብስክሌት ለሚነዱ የድሬዳዋ ሴቶች

በከዚራ ለጥ ያለ መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ሲነዱ የማይሰማ ሕመም፣ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ መቀመጥ እስኪያቅት ድረስ ሊበረታ ይችላል። ሕመሙ የሚሰማው ለመናገር በሚያሳፍር ቦታ ስለሆነ ብዙ ሴቶች ዝም ብለው ይችሉታል፣ አለዚያም ብስክሌቱን ይተዉታል። እኔም ለረጅም ጊዜ «ሰውነት ሲለምድ ይተዋል» ብዬ ችዬዋለሁ፤ ነገር ግን የማይስማማ ኮርቻ አይለመድም። ለምርመራው መነሻ የሚሆነው የሚያመው በትክክል የት እንደሆነ መለየት ነው።

ከፊት፣ የብልት አካባቢ ሲደነዝዝ ወይም የብልት ከንፈር ሲያብጥ

የሰውነት ክብደት ማረፍ ያለበት በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው። ኮርቻው ጠባብ ሲሆን አጥንቶቹ ከጠርዙ ውጭ ስለሚቀሩ ክብደቱን ለስላሳው ሥጋ ይሸከመዋል። በሴቶች ላይ በነዚህ አጥንቶች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ ከወንዶች ይሰፋል፤ ከወንድም ወይም ከባል የተረከቡትን ብስክሌት የሚነዱ ሴቶች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። ለመለካት አንድ ቁራጭ ካርቶን በደረጃ ላይ አንጥፈው ይቀመጡበት፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ተረከዝዎን ከመሬት ያንሱ፣ ከዚያም ካርቶኑ ላይ የቀሩትን የሁለቱን ጎድጓዳ ምልክቶች ርቀት ከመሐል እስከ መሐል ይለኩ። በልኬቱ ላይ ወደ 2 ሴንቲሜትር ሲጨመር ተስማሚው የኮርቻ ስፋት በግምት ይገኛል፤ ልኬቱ 13 ሴንቲሜትር ከሆነ 15 አካባቢ የሚሰፋ ኮርቻ መፈለግ ይገባል ማለት ነው። መሐሉ ክፍት የሆነ ኮርቻም ብዙ ሴቶችን ያሳርፋል።

ወፍራም ስፖንጅ የለበሰ ኮርቻ ወይም ለስላሳ ሽፋን መግዛት ግን መፍትሔ መስሎ ችግሩን ሲያባብስ አይቻለሁ፤ አጥንቶቹ ወደ ውስጥ ሲሰምጡ ስፖንጁ ከመሐል ወደ ላይ ገፍቶ የሚጫነው ያንኑ የታመመውን ቦታ ነውና።

ስፋቱ ትክክል ሆኖ ሕመሙ ካልተወ ዝንባሌው ይታይ። ብስክሌቱን በተስተካከለ መሬት ላይ አቁመው ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ ልክ በኮርቻው ርዝመት ላይ ያስቀምጡ። በውሃ ልኩ ለጥ ብሎ ለከዚራ ልክ የሆነው ኮርቻ ደንገጎ ላይ ልክ አይሆንም፤ ዳገት ላይ ብስክሌቱ ራሱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የኮርቻው አፍንጫ (የፊት ጫፉ) ቀና ብሎ ከፊት ይወጋል። ስለዚህ ዳገት የምታዘወትር ሴት አፍንጫውን አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብታደርገው ይሻላታል። ከዚያ በላይ ከወረደ ሰውነት ወደ ፊት እየተንሸራተተ እጅና ትከሻን ያሳምማል። በየ10 እና 15 ደቂቃው ፔዳሉ ላይ ለጥቂት ሰኮንዶች መቆም ደም ወደ ቦታው እንዲመለስ ይረዳል።

ብሽሽትና የጭን ውስጥ ሲላላጥ

የዚህ መነሻው እርጥበት፣ ጨውና ስፌት ነው። በድሬ ሙቀት ላቡ ሲደርቅ የሚቀረው ጨው ቆዳን እንደ አሸዋ ይፍቃል፣ የጥጥ የውስጥ ሱሪ ደግሞ ላቡን ይዞ ይቀራል፤ ጠርዙና ስፌቱም የሚያርፈው በትክክል ብሽሽት ላይ ነው። ንጣፍ ያለው የብስክሌት ቁምጣ የሚለበሰው ያለ ውስጥ ሱሪ ነው፤ ይህን የማታውቅ ሴት ጥሩ ቁምጣ ገዝታም ትቆስላለች። ረጅም ቀሚስ ወይም ሰፊ ሱሪ የምትለብስ ሴት ቁምጣውን ከሥር ልትለብሰው ትችላለች። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ስትገዙ ንጣፉን ገልብጣችሁ እዩት፤ መሐሉ ላይ ስፌት ካለበት ተዉት። ከመውጣት በፊት በሚፋተገው ቦታ ላይ ቫዝሊን በስሱ መቀባት ይከላከላል፣ ነገር ግን ከጨርቅ በቀላሉ ስለማይለቅ ቁምጣውን በደንብ ማጠብ ያስፈልጋል።

ትንንሽ ሽፍታ ወይም ብጉንጅ ሲወጣ

እርጥብ ቁምጣ ለብሶ ቡና መጠጣትና መጫወት ለዚህ ዋነኛ ምክንያት ነው። እንደደረሱ ማውለቅ፣ በንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ ማድረቅ፤ ቁምጣውንም በዚያው ቀን አጥቦ ገልብጦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይገባል። ሽቶ ያለው ሳሙና የብልት አካባቢን ያስቆጣል። ፀጉርን በምላጭ መላጨት ወደ ውስጥ የሚያድግ ፀጉርና ሽፍታ ስለሚያመጣ በመቀስ ማሳጠሩ ይበቃል። በወር አበባ ጊዜ የሞዴስ ጠርዝ ስለሚፍቅ ከመንዳት በፊት አዲስ መቀየር፣ የወር አበባ ኩባያ የለመደችም እሱን መጠቀም ትችላለች።

ብጉንጁ ከወጣ አይፍረጥ። በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይያዝበት፤ እስኪድን ድረስም ከብስክሌት ማረፍ ግድ ነው።

በአንድ ጎን ብቻ ሲቆስል

ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ተጣሞ ወይም ከፍ ብሎ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝ አድርገውበት እግር ቀጥ ካለ ከፍታው ደህና ነው፤ ዳሌ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ብሎኑን በመፍቻ ፈትቶ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይገባል። ይህም ሆኖ ካልተስተካከለ የእግር ርዝመት ልዩነት ሊኖር ስለሚችል በባለሙያ መታየት ይበጃል።

ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መግል፣ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልጠፋ ጠጣር እብጠት፣ ወይም ከብስክሌት ከወረዱ በኋላም የማይለቅ መደንዘዝ ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የሚቀልልዎ ከሆነ ሴት ሐኪም እንድታይዎ ይጠይቁ፤ ሲመረመሩም ብስክሌት እንደሚነዱ ይንገሩ።