ፖስታ ላይ ፊደል ማሳመር፦ እግሩ ወፍራም፣ ጣሪያው ቀጭን

የሠርግ ጥሪ ፖስታ ላይ ስም በእጅ የሚጽፉ ሰዎች ትልቁ ስህተት የሚጀምረው ብዕር አያያዝ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት አብዛኞቹ ትምህርቶች ለላቲን ፊደል የተሠሩ ስለሆኑ ብዕሩን 45 ዲግሪ አዘንብሉት ይላሉ። በግዕዝ ፊደል እንዲህ ከተያዘ የ«በ» እግርና ጣሪያ እኩል ይወፍሩና ፊደሉ ድብልብል ይላል። የብራና ጽሑፍ ውበቱ የቆመው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እግሩ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን።

ስለዚህ ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ማርከር ያዙና ጫፉን ከመስመሩ ጋር ትይዩ አድርጉት። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል አይጎዳም። ወደ ታች ስትስቡ ሙሉው ስፋት፣ ወደ ጎን ስትስቡ ቀጭኑ ጠርዝ ይጽፋል። ለፖስታ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጫፍ ይበቃል። የፊደሉ ቁመት የጫፉን ስፋት አምስት እጥፍ ይሁን፤ ማለትም 10 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ካጠረ እግሮቹ ይጣበቃሉ፣ ከረዘመ ፊደሉ ይከሳል። ጠፍጣፋ ማርከር ከጠፋ መቃ ቆርጦ ጫፉን ቀጥ አድርጎ መከርከምና መሃሉን በምላጭ ትንሽ መሰንጠቅ ይቻላል። ያም ካልሆነ በተራ እስክሪብቶ ጻፉና እግሮቹን ብቻ በሁለት መስመር አጥራችሁ ሙሏቸው፤ ከርቀት ልዩነቱን የሚያውቅ የለም።

ረጅሙ ፖስታ 11 በ22 ሴንቲ ሜትር ነው። ለ100 ተጠሪ 115 ግዙ፤ መበላሸቱ አይቀርም። ነጩ ላይ ጥቁርና ቀይ ያምራል፣ ካኪው ላይ ነጭ ጄል እስክሪብቶ።

መስመሩን በእርሳስ አትስመሩ። ካኪ ላይ ላጲስ ወረቀቱን ይልጠዋል፣ ነጩም ላይ ያልደረቀ ቀለም ካገኘ አብሮ ይጎትታል። ብራና ጸሐፊዎች በወስፌ ጭረው ነው የሚያሰምሩት፤ እናንተም ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ተደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫሩ። ጭረቱ ለጸሐፊው ይታያል፣ ለተቀባዩ አይታይም። ካርዱ ፖስታው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይሁን፣ አለበለዚያ ጭረቱ ካርዱ ላይ ያርፋል።

ስሙን መሃል ለማስገባት ፊደል መቁጠር አያዋጣም፤ «ጠ»ና «ሐ» ሰፊ ናቸው፣ «ነ»ና «ገ» ጠባብ። ይልቅ ስሙን በዚያው ማርከር ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ፊደል ጠርዝ ላይ ቁረጡት፣ ለሁለት እጠፉት። እጥፋቱን ፖስታው መሃል ላይ ካስቀመጣችሁ ስሙ የት እንደሚጀምር ራሱ ያሳያችኋል። «ከነቤተሰብዎ» የሚለው ከስሙ ስር በግማሽ ቁመት ይሁን፤ እግሮቹ እንዳይጣበቁ ጫፉም በግማሽ ይቅጠን።

አሁን ወደ ጌጡ። ላቲን ላይ ጅራትና ጥምዝ እንደልብ ይጨመራል፤ የእኛ ፊደል ላይ ጅራት ድምፅ ነው። «ከበደ» የሚለውን ስም ለማሳመር የቀኝ እግሮቹን ግርጌ ወደ ጎን ብትጠመዝዙ «ኪቢዲ» ብላችሁ ጽፋችኋል። አናት ላይ የሚቀመጥ ሰረዝም እንዲሁ ነው፤ «ሰ»ን «ሸ»፣ «ተ»ን «ቸ»፣ «ደ»ን «ጀ» ያደርገዋል። «ደሳለኝ»ን «ጀሳለኝ» ብሎ የደረሰው ጥሪ ያስቃል እንጂ አያስከብርም። ጌጥ የሚፈቀደው ድምፁን በማይነካ ቦታ ነው፦ የ«ባ» ቀኝ እግር ወይም የ«ቦ» ግራ እግር ከመስመሩ በታች ሊረዝም ይችላል፣ ቀድሞውንም ከሌላኛው እግር ይረዝማሉና። የ«ቤ» ቀለበት በቀይ ሊሞላ ይችላል። ሁለት ነጥቡን (፡) በሁለት ትንንሽ አልማዝ መተካት ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ በግዕዝ ጽሕፈት ማርከሩን 45 ዲግሪ የምታዞሩትም እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ጅማ ላይ ስሙ በቁቤም፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የሚጻፍበት ፖስታ ብዙ ነው። ሁለቱ ጽሕፈቶች እንዳይጣሉ የቁቤውን ትልቅ ፊደል ከግዕዙ ቁመት ጋር እኩል አድርጉት፣ ትንንሾቹን ሁለት ሦስተኛ። በትንንሾቹ ከለካችሁ ቁቤው ገዝፎ ግዕዙን ይውጠዋል። ለቁቤው ብዕሩን ወደ 45 ዲግሪ መልሱት፤ ስለዚህ የ100ውን ፖስታ ግዕዝ መጀመሪያ ጨርሱ፣ ቁቤውን ከዚያ ጀምሩ። እያቀያየሩ መጻፍ እጅ ያስታል።

ሌላው ችግር እርጥበት ነው። ጅማ ዝናቧ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ እርጥበት የጠጣ ወረቀት ላይ ቀለም እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል፣ የክዳኑም ሙጫ ሳይዘጋ ይጣበቃል። ፖስታዎቹን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አኑሩ፣ የዕለቱን ያህል ብቻ አውጡ። ቀለሙን ክዳኑ ውስጥ ሞክሩት፤ ከተበተነ ፖስታውን በጨርቅ ሸፍናችሁ ለብ ባለ ደረቅ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ተኩሱት። ክዳኑ ላይ ግን ካውያ አይድረስ። የተጻፈውንም በደረቅ ቀን 15 ደቂቃ፣ ዝናብ ከሆነ አንድ ሰዓት ሳይደራርቡ ማስጣት ነው።

የቡና ቀለም የሚፈልግ ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጠቆር ብሎ የተቆላና የላመ ቡና በአንድ ሲኒ ውኃ አፍልቶ ግማሽ ሲሆን በጨርቅ ያጥልለው፤ ገና ትኩስ እያለ የጥፍር ያህል የግራር ሙጫ ያሟሟበት። ሙጫው ከሌለ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ይሮጣል። በሳምንት ውስጥ ስለሚሻግት ከተረፈ መድፋት ነው። ቀለሙ ፈዛዛ ቡናማ ስለሆነና ፀሐይም ስለሚያደበዝዘው ለስም አይሆንም፤ ለጥላ ግን ወደር የለውም። በቀጭን ብሩሽ ከእያንዳንዱ እግር በስተቀኝ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትታችሁ ወደ ታች ሳቡ። ክፍተቱን ካልተዋችሁ ያው «ኪቢዲ» ይመለሳል።

ጠርዙ ላይ የቡና ቅርንጫፍ የሚስል ሰው ቅጠሉን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ፊት ለፊት ይሳል፣ ጠርዙ ሞገድ ያለው፤ ፍሬውንም ጥንዶቹ ከግንዱ በሚገናኙበት አንጓ ላይ ይሰብስበው። ቅጠሉን እያፈራረቁ፣ ፍሬውን እንደ ወይን ከጫፍ አንጠልጥሎ መሳል ሌላ ከተማ ያልፍ ይሆናል፣ እዚህ ግን ፖስታውን የሚቀበለው ሰው ጓሮው ውስጥ ዛፉ አለ።

ቀን በግዕዝ ቁጥር መጻፍ ያምራል፤ 2018 ፳፻፲፰ ነው። የፖስታ ሣጥን ቁጥርና ስልክ ግን በተለመደው ቁጥር ይሁን። በፖስታ ቤት የሚሄድ ከሆነ ከላይ በቀኝ በኩል ለቴምብሩና ለማኅተሙ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ። በእጅ የሚታደል ከሆነ ያ ጥግ ለቡናው ቅርንጫፍ ይተርፋል።