ራስ ዳሽን ላይ ጊዜ ከጎንደር በስንት ይፈጥናል? በስልካችሁ እንዲህ አስሉት

ጎንደር ፒያሳ ሰዓት እጠግናለሁ። ደንበኞች ከሚያነሱልኝ ጥያቄ ሁሉ የምወደው አንዱን ነው፦ «ጋሼ፣ ተራራ ላይ ጊዜ ይፈጥናል የሚሉት እውነት ነው?» አዎ፣ እውነት ነው። ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ የሚፈጥነው ጊዜው ራሱ ነው። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 እንቅስቃሴ ጊዜን እንደሚያዘገይ አሳየ። በኋላ ደግሞ ስበትም እንደዚያው እንደሚያደርግ አስረዳ፤ ስለዚህ ከምድር ከፍ ባልን ቁጥር ጊዜ ይፈጥናል። ስሌቱ ከስልክ ካልኩሌተር አያልፍም።

ከከፍታ ጀምሩ። የሁለቱን ቦታዎች ከፍታ በሜትር ፈልጉና ልዩነቱን በ3.4 አባዙት። የሚመጣው ቁጥር ከፍ ያለው ቦታ በዓመት ስንት ናኖሰከንድ እንደሚቀድም ይነግራችኋል። ናኖሰከንድ ሰከንድ ለቢሊዮን ሲካፈል ነው። ጎንደር 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ራስ ዳሽን 4,550 ገደማ። ልዩነቱን 2,400 እንበል። በ3.4 ሲባዛ 8,160 ናኖሰከንድ ይመጣል። ስድሳ ዓመት ጫፉ ላይ የኖረ ሰው ጎንደር የቀረውን መንትያውን በግማሽ ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሁለት ሺኛ) ያህል ይበልጠዋል ማለት ነው። ጎርጎራ ወርዶ ጣና ዳር የሚኖረው ደግሞ ከእኛ ትንሽ ይዘገያል።

ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች አንዱን የአቶም ሰዓት ከሌላው 33 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ልዩነቱን ለክተውታል። ሱቄ ውስጥ የምቀመጥባት በርጩማ እንኳ ከዚያ ትበልጣለች! ዕድሜዬን ከሰዓት ጋር አሳልፌ ከዚህ የሚያስደንቀኝ ነገር አላገኘሁም።

ቀጥሎ ፍጥነት። በሰዓት ስንት ኪሎሜትር እንደሆነ ካወቃችሁ ለ3.6 አካፍሉት፤ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሆነ ታገኛላችሁ። ያንን ቁጥር በራሱ አባዙትና ለ50,000 አካፍሉ። ውጤቱ ተጓዡ በእያንዳንዱ የጉዞ ሰዓት የሚዘገይበት ናኖሰከንድ ነው። ወደ ባሕር ዳር በ72 ኪሎሜትር የሚነዳ ሚኒባስ በሰከንድ 20 ሜትር ይሄዳል። 20 በ20 ሲባዛ 400፤ ለ50,000 ሲካፈል 0.008። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ መዘግየቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ግን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ለሚሄድ ነው። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከሆነ የምድርም ሽክርክሪት ይገባበታል። ሃፈልና ኪቲንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1971 ሲዚየም የተባሉ የአቶም ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን ጭነው ዓለምን ዞሩ። በምሥራቅ የዞሩት ሰዓቶች መሬት ላይ ከነበሩት 59 ናኖሰከንድ ወደ ኋላ ቀሩ። በምዕራብ የዞሩት 273 ቀደሙ።

3.4ን ለሳተላይት አትጠቀሙበት። ለተራራና ለአውሮፕላን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግን የምድር ስበት እየደከመ ስለሚሄድ ውጤቱ ይሳሳታል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍታው በቀን 45 ማይክሮሰከንድ (አንዱ 1,000 ናኖሰከንድ ነው) ያስቀድማቸዋል፤ ፍጥነታቸው 7 ያዘገያቸዋል። 38 ይቀራል። ይህ ባይታረም በስልካችሁ ካርታ ላይ ያላችሁበት ቦታ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎሜትር በላይ ይስት ነበር።

ደግሞ አደራ፣ በእጅ ሰዓት እንሞክረው ብላችሁ ወደ ደባርቅ እንዳትወጡ። ደህና የሚባል ኳርትዝ ሰዓት እንኳ በወር እስከ 15 ሰከንድ ሊስት ይችላል። የራስ ዳሽን ልዩነት በወር አንድ ማይክሮሰከንድ እንኳ አይሞላም። ተራራ ላይ ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ከቀረ ምክንያቱ ብርዱ ነው፤ ሰዓቱ ጊዜ የሚቆጥርበት የክሪስታሉ ንዝረት ይቀንሳል፣ ባትሪውም ይደክማል።