ውሻ ካለበት ግቢ የድመት ግልገል ስታስገቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የመጀመሪያዋን ግልገል ውሻችን ነው የገደላት። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር።

ሐምሌ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። ከገበያ ስመለስ ቱቦ ዳር አንዲት ግራጫ ግልገል አገኘሁ። መዳፌን እንኳ አትሞላም። ነጠላዬ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ውሻችን ደፋር ተፈትቶ ግቢ ውስጥ ነበር። ጭራውን እየቆላ መጣ። «ይተዋወቁ» ብዬ ደረጃው ላይ አስቀመጥኳት። ደነገጠችና ሮጠች። በሁለት እርምጃ ደረሰባት። አንዴ ያዛት፣ አንዴ ነቀነቃት። ስሙን ጠርቼ ሳልጨርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

ዱላ ላነሳ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ተይው ልጄ። የማያውቀው ነገር ግቢ ሲገባ ያዝ ብለን ያሳደግነው እኛ አይደለንም?» አለችኝ።

ይህ ንግግሯ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እኛ ጋ ውሻ ዘበኛ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ይፈታል። እንግዳ ሲያባርር «ጎበዝ» ይባላል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር ደግሞ በአብዛኛው የሚናገረው ከሰው ጋር ሳሎን ውስጥ ስለሚያድግ ውሻ ነው። ለኛ ግቢ ብዙ ነገር ይጎድለዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ግልገል አገኘሁ። እሷ ዛሬ ትልቅ ድመት ናት። እናቴ ውሮ ነው የምትላት። ከደፋርም፣ ከአሮጊቷ ውሻችን ከቡኒም ጋር በሰላም ትኖራለች። የሚከተሉትን ስህተቶች የምዘረዝረው ከሁለቱ ግልገሎች በተማርኩት ነው።

እናቷን ሳይፈልጉ ማንሳት

ግልገል ብቻዋን ስላገኛችኋት ተጥላለች ማለት አይደለም። እናት ድመት ምግብ ፍለጋ ትሄዳለች። ልጆቿን አንድ በአንድ ስታዛውርም አንዷ ለጊዜው ብቻዋን ትቀራለች። ቦታው ከመኪና፣ ከውሃና ከውሻ የራቀ ከሆነ ራቅ ብላችሁ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ። እናትየው ካልመጣች ወይም ግልገሏ በስብሳና ቀዝቅዛ ካገኛችኋት ግን አትጠብቁ፣ አንሷት።

የበረዳትን ግልገል ወዲያው ማብላት

አንጀታችን ስለሚባባ ገና ስንገባ ወተት እናቀርባለን። የቀዘቀዘ ሰውነት ምግብ መፍጨት አይችልም። መጀመሪያ አሙቋት። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ካርቶን ውስጥ አጠገቧ አስቀምጡ። ሲሞቃት መሸሽ እንድትችል ካርቶኑ ሰፋ ይበል። የማርቆስን ወይም የእንጅባራን የክረምት ሌሊት የሚያውቅ ሰው ለምን ይህን እንደምል ይገባዋል። አራት ሳምንት ያልሞላት ግልገል የሰውነቷን ሙቀት በራሷ መጠበቅ አትችልም። ደግሞ እባካችሁ፣ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር አትዝጉ። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ለእሷም ለእናንተም ገዳይ ነው።

የላም ወተት ያስቀምጣታል። ተቅማጥ ደግሞ ለዚህች ለምታህል ፍጡር ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ቀን ውስጥ ውሃዋን ጨርሶ ሊገድላት ይችላል። ጥርስ ካወጣችና አራት ሳምንት ካለፋት የተቀቀለ እንቁላል ወይም ሥጋ በደንብ አድቅቃችሁ፣ በለብ ያለ ውሃ አላልታችሁ ስጧት። ጥርስ ከሌላት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ የሚሰጥ ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ያስፈልጋታል። በከተሞቻችን በቀላሉ ስለማይገኝ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ወተት ስትሰጧትም በሆዷ ተኝታ እንጂ በጀርባዋ አይሁን። ወተቱ ሳንባዋ ይገባል።

የራሷ ክፍል አለማዘጋጀት

ይህን አልፋችሁ ሌላውን ሁሉ ብትፈጽሙ አይሠራም። በር ያለውና በሩ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋል። እኛ ጓዳውን ነው የሰጠናት። ቢያንስ ሁለት ሳምንት እዚያው ትቆያለች።

አንደኛው ምክንያት ጤና ነው። ከመንገድ የመጣች ግልገል ቁንጫ፣ የሆድ ትልና ጭርት ይዛ ልትመጣ ትችላለች። እነዚህ ወደ ውሻውም፣ ወደ ልጆቻችሁም ይሻገራሉ። ሁለተኛው እሷ ራሷ ነች። ከየት እንደመጣች፣ ምን እንደደረሰባት አናውቅም። በሰላም በልታ የምትተኛበት አንድ ቦታ ካላገኘች ውሻ ቀርቶ እናንተንም አትለምድም።

ለመጸዳጃዋ ዝቅ ያለ ሳፋ ላይ አሸዋ በቂ ነው። በየቀኑ ጥረጉት። እርጉዝ ሴት ግን ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትስጥ። በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ ለጽንሱ አደገኛ ነው። ተሕዋሱ መተላለፍ የሚጀምረው ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ ስለሆነ የየቀኑ ጽዳት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ሳፋውን ውሻ የማይደርስበት ቦታም አድርጉት። ውሾች ዓይነ ምድሩን ይበሉታል፤ ቡኒ እንኳ በዚያ ዕድሜዋ አልተወችውም።

ሽታን መዝለል

ውሻ ዓለምን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ግልገሏን ከማየቱ በፊት ሽታዋን መልመድ አለበት። እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። ግልገሏ የተኛችበትን ጨርቅ በየቀኑ ደፋር ከሚበላበት ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ቀን ጨርቁን በጥርሱ ጎትቶ ወሰደው። ሁለተኛው ቀን አሽትቶ አጉረመረመ። በስድስተኛው ቀን ግን አንዴ አሸተተና ወደ ምግቡ ዞረ። የደፋርንም ጨርቅ ወደ ጓዳው አስገባሁ። እሷ እፍ እያለች ወደ ጥግ ሸሸች። በማግስቱ እዚያው ጨርቅ ላይ ተኝታ አገኘኋት።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። እኔ ለዚህ ሥራ የያዝኩት ይህን ተረት ነው። የግልገሏ ሽታ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር ከመጣ፣ ሽታው የባለጋራ መሆኑ ይቀራል። ከሚጠብቀው ቤት አንዱ ይሆናል።

አቅፎ ወደ ውሻው መውሰድ

ብዙ ሰው ይህን አስተማማኝ አድርጎ ያየዋል። ውሻው ወደ ላይ ይዘላል። ግልገሏ ፊታችሁን ቧጥጣ ትወርዳለች፣ ከዚያ ትሮጣለች። የሚሮጥ ትንሽ ነገር ደግሞ ውሻን ያስነሳዋል። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው።

ስታስተዋውቁ ውሻው በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ገመድ ይያዝ፣ የሚይዘውም አቅም ያለው ሰው ይሁን። ግልገሏ ከሩቅ ትታይ፣ መሸሻዋም ክፍት ይሁን። ሁለት ውሾች ካሏችሁ አንድ በአንድ እንጂ ሁለቱን ባንድ ላይ አታምጡ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይከተላል። እኛ በቡኒ ጀመርን። ዕድሜዋ ስለገፋ ብዙም አልተገረመችም። ውሻው ከመምጣቱ በፊት በልቶ፣ ተዘዋውሮና ደከም ብሎ ቢሆን ይመረጣል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ነገ።

የውሻውን ዝምታ እንደ ሰላም ማየት

ደፋር መጀመሪያ ውሮን ያያት ቀን አልጮኸም። ጎረቤታችን በአጥር በኩል አይታ «ይኸው፣ ዝም አለ፤ ለምዷታል» አለች። አልለመዳትም ነበር። አፉ ተዘግቷል። ጆሮው ወደ ፊት ቀጥ ብሏል። ጭራው እንደ እንጨት ደርቋል። ዓይኑን ተክሎባታል፣ አይርገበገብም። ስሙን ስጠራው አልዞረም። ይህ አደን ላይ ያለ ውሻ ነው። ከሚጮኸው ውሻ ይልቅ እንዲህ ዝም የሚለውን ፍሩ።

እንዲህ ስታዩት አትጩኹ። ገመዱን ይዛችሁ ርቀቱን ጨምሩ። ዓይኑን ነቅሎ ወደናንተ ሲዞር ያን ጊዜ ቁራጭ ሥጋ ስጡት። እናቴ ይህን ከእኔ በተሻለ ቻለችበት። ጎረድ ጎረድ የተደረገ የተቀቀለ ሥጋ በእጇ ይዛ አጠገቡ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ውሮን አይቶ ወደ እሷ ሲዞር «ጎበዝ የኔ ልጅ» ትለዋለች፣ ታጎርሰዋለች። በዘጠነኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ይመስለኛል፣ ደፋር ውሮን ገና እንዳያት ራሱ ወደ እናቴ እጅ ዞረ። እኔ ያን ቀን ነው ተስፋ ያደረግኩት።

የረጋ ውሻ ሰውነቱ ይለሰልሳል። ፊቱን ያዞራል፣ መሬት ያሸታል፣ ይተኛል። የምትፈልጉት ይህን ነው።

መምታት

ግልገሏን ባየ ቁጥር የሚመታ ውሻ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ «እሷ ስትመጣ እኔ ላይ ክፉ ይደርሳል።» ፊታችሁ ዝም ይላል። ዞር ስትሉ ይጨርሳታል።

ሌሊት ውሻው እንደሚፈታ መርሳት

ቀን ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። ማታ ግን ውሻው እንደ ልማዱ ይፈታል፣ አንዱ ልጅ ወደ ሽንት ቤት ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፣ ግልገሏም ትወጣለች። በጨለማ የተፈታ ዘበኛ ውሻ ቀን የለመደውን ሁሉ አያስታውስም ብላችሁ ቁጠሩ። ከመፍታታችሁ በፊት ግልገሏ ያለችበትን በዓይናችሁ እዩ። ስድስት ወር ገደማ እስኪሆናት፣ ከዚያም ለብዙ ጊዜ፣ ሰው ሳይኖር ብቻቸውን አትተዉአቸው።

ግቢው ውስጥም ከፍ ያለ መሸሻ ይኑራት። ቆጥ ያለው ቤት ዕድለኛ ነው። ከሌለ ግድግዳ ላይ ሁለት ጣውላ መምታት በቂ ነው። ውሻው የማይደርስበትን ከፍታ የምታውቅ ድመት አትሮጥም፣ ትወጣለች። የማይሮጥ ድመት ደግሞ ውሻን አያስነሳም።

ከአንድ ሳህን ማብላት

ውሻ በሳህኑ ቀልድ አያውቅም፤ ረጋ ያለውም ቢሆን። አጥንት የያዘ ውሻ አጠገብ ግልገል እንዳትደርስ። የሷን ምግብ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉ።

የምግቡም ዓይነት ይለያያል። ውሻ በፍርፋሪ እንጀራና በወጥ ትራፊ ይሰነብታል። ድመት አይሆንላትም። ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ነው የሚገኘው። ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። ወጣችን ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለድመት መርዝ ነው፣ ደሟን ያበላሸዋል። ስለዚህ ለሷ የሚሆነውን ቁሌት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለዩላት። ባሕር ዳር ያላችሁ ቆሮሶ ዓሣ ቀቅላችሁ፣ አጥንቱን ለቅማችሁ መስጠት ትችላላችሁ።

ጾም ሲመጣስ? የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ልኳንዳ ቤቱ ይዘጋል፣ ቤትም የፍስክ ነገር አይገባም። ድመት ግን አትጾምም። እንቁላል በጾም ጊዜም ገበያ ላይ ይገኛል። ለእሷ የምታበስሉበት አንድ ትንሽ ድስት ለዩና ችግሩ ያልቃል። እናቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

የውሻ ወይም የከብት መድኃኒት ማድረግ

«እታለም፣ ለበጎቹ የምንረጨውን ጠብ አድርጊባት፣ ቁንጫው ድራሹ ይጠፋል» ያለኝ ሰው አለ። ከልቡ ሊረዳኝ ነበር። ባደርገው ኖሮ ግልገሏ ልትሞት ትችል ነበር። ለከብትና ለበግ የሚረጩ መድኃኒቶች የድመት ግልገልን ሊገድሉ ይችላሉ። ለውሻ ቁንጫ ከሚሸጡትም ብዙዎቹ ፐርሜትሪን አለባቸው፣ እሱም ለድመት ከባድ መርዝ ነው። ውሻውን በዚህ መድኃኒት ካከማችሁት እሱም ለጥቂት ቀን ከእሷ ይራቅ። ለግልገሏ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና ጥርሱ የደቀቀ ማበጠሪያ ይበቃል። ከዚያ ወዲያው አድርቋት። ድዷ ነጭ ከሆነ ቁንጫው ደሟን ጨርሶታልና ሐኪም ጋ ሩጡ።

የትል መድኃኒት በክብደት ነው የሚሰጠው። የእንስሳት ክሊኒኮቻችን ብዙ ጊዜ የሚያክሙት ከብት ስለሆነ የድመት ግልገል መሆኗን፣ ክብደቷንም በግልጽ ተናገሩ። እኔ የሱቅ ሚዛን ላይ በካርቶን አስቀምጬ ነው ያስመዘንኳት። አይጥ ለማጥፋት ቤት ውስጥ መርዝ ካስቀመጣችሁም ዛሬውኑ አንሱት።

መቧጨርና መነከስን መናቅ

የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ሰው እየገደለ ነው። ድመትንም ይይዛል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከመንገድ የመጣች ግልገል ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጸበሉን አልከለክልም፤ ክትባቱን ግን አታዘግዩ። ውሻችሁ ግልገሏ ከመምጣቷ በፊት የተከተበ ይሁን፣ በየዓመቱም ይደገምለት። እሷም ሦስት ወር ሲሞላት ትከተብ።

ቀን መቁረጥ

«በሳምንት ይላመዳሉ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። ቡኒ አራት ቀን ነው የፈጀባት። ደፋር ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ጨርሶ የማይለምድ ውሻም አለ። ከወራት ልፋት በኋላም ዓይኑን የሚተክል ከሆነ አታስገድዱት፣ እሷንም በፍርሃት አታኑሯት። ጎተራውን አይጥ ያስቸገረው፣ ውሻ የሌለው ቤት ፈልጉላት። እስከዚያው ጓዳው የሷ ይሁን፣ በሩም ይዘጋ።