ልዕለ ጀግናዋም እናት አላት፦ ለወጣቶች ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልዕለ ጀግና ልጽፍ ነው የሚል ደራሲ በዝቷል። ደስ ይላል። ረቂቁን ስታነቡት ግን የአዲስ አበባው ስሙ ብቻ ነው። ናቲ ይባላል፤ የሚዘልበት ፎቅ፣ የሚደበቅበት ጓሮ፣ ሌላው ቀርቶ ደንግጦ የሚጮህበት ቃል እንኳ ከፊልም የመጣ ነው። በኮሚክስ በኩል የተጀመረ ነገር አለ፤ «ጀምበር» በ2018 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። በልቦለድ ግን ሜዳው ገና ሰፊ ነው። ስለዚህ ከጅምሩ እንዳናበላሸው።

አንባቢ ጀግናውን የሚጠጋው ኃይሉ የማይፈታለት ነገር ሲያይበት ነው። ሸረሪት ሰው በ1962 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ድሩንና ግድግዳ መውጣቱን ሁሉም አደነቀለት። ይሄን ሁሉ ዓመት ያኖረው ግን ገንዘብ ማጣቱ ነው። ትምህርት ቤት የሚሾፍበት፣ ከአክስቱ ጋር ኩዊንስ ውስጥ የሚኖር፣ ፎቶ ለጋዜጣ እየሸጠ ለቤት የሚያዋጣ ልጅ ነው። ግድግዳ የሚወጣ ልጅ የቤት ኪራይ አስጨንቆት ስታዩት ታውቁታላችሁ።

ነገሩ በወሬ እንዳይቀር አንዲት ልጅ እንፍጠር። ሳምራዊት እንበላት። 17 ዓመቷ ነው፤ 11ኛ ክፍል ናት። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ በሚገኝ አንድ የቀበሌ ቤት ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትኖራለች። ኃይሏ አንድ ነው፦ እጇን የዘረጋችበት የሚንቀሳቀስ ነገር ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ከተማ መዋስ

ፎቅ ለፎቅ የሚዘል ጀግና ፎቅ ይፈልጋል። መሃል አዲስ አበባ ረጃጅም ሕንፃ የለም ማለቴ አይደለም። ሰንጋ ተራ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው፤ ዙሪያውንም የባንክና የኢንሹራንስ ፎቆች ከበውታል። ከዚያ ወጣ ሲባል ግን ጀግናችሁ ብዙም ሳይርቅ ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። ቆርቆሮ ላይ ሰው ሲሮጥ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ «ሌባ!» ብሎ ይወጣል። ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ድንጋይ ነው።

ከተማችን ራሷ የምትሰጠው ነገር ሞልቷል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ሩጫና ትንፋሽ እዚህ ሌላ ነገር ናቸው። ቁልቁለት አላት። የሐምሌ በረዶ አላት፤ የሚበር ጀግና ከፈጠራችሁ ሐምሌን እንዴት እንደሚያልፈው አስቡበት። መብራት ይጠፋል። ታክሲ ሰልፍ አለ። ሰው ለማዳን የምትጣደፍ ልጅ ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ቆማ ከፊቷ ሃያ ሰው ሲኖር፣ ያ ከማንኛውም ፍንዳታ በላይ ልብ ያንጠለጥላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ደግሞ ዓመቱ ነው። «ዘመናዊ» የሚል ታሪክ የትኛው ዓመት ላይ እንዳለ ማወቅ አለበት። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ሲጀመር ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ በ2017 ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ሳምራዊት በ2015 የምትኖር ከሆነ በዶሮ ማነቂያ አቋርጣ ትጠፋለች። በ2017 ከሆነች ያው ቦታ ላይ ያለው ሰፊ የእግረኛ መንገድና ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት ነው፤ መደበቂያ የለም። ቤቷ የፈረሰባት የክፍል ጓደኛዋ በመሃል ትምህርት ቤት ቀይራ ገላን ጉራ ገብታ ሊሆን ይችላል። ይሄን የማያውቅ ጸሐፊ የከተማውን ልጆች አያታልልም፤ መንገዱን በእግራቸው ያውቁታል።

ደንብ የሌለው ኃይል

ይሄኛው ስህተት ከሁሉም ይብሳል። ጀግናው ምን እንደማይችል ካልታወቀ አንባቢ አይፈራለትም። ካልፈራለት ደግሞ ገጽ አይገልጥለትም።

ለሳምራዊት ሁለት ደንብ እንስጣት። አንደኛ፣ የቆመውን ነገር ማቆየት የምትችለው ትንፋሿን እስከያዘች ድረስ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ስትተነፍስ ነገሩ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል። በቃ። አሁን እንፈትናት።

ከቴዎድሮስ አደባባይ በታች፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ፍሬን እምቢ ያለው አይሱዙ ወደ ለገሃር እየወረደ ነው። ሳምራዊት እጇን ትዘረጋለች። መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ ይላል። ከፊቱ ያሉት ሰዎች አሁን መሸሽ አለባቸው። ይሸሻሉ? የአገሬን ሰው አታውቁትም እንዴ! ይሰበሰባል እንጂ። «ምን ሆኖ ነው?» ይላል አንዱ፤ ሌላው ስልኩን አውጥቷል። ሊስትሮው ሥራውን ትቶ «ፍሬን ይዞበት ነው» እያለ ለመጣው ሁሉ ያስረዳል። ሳምራዊት «ሽሹ!» ብላ መጮህ አትችልም፤ አፏን ከከፈተች ትንፋሿ ይወጣል፣ ትንፋሿ ከወጣ አይሱዙው ይለቀቃል። በግራ እጇ ታራግባለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ዘንቢል የያዙ እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አመመሽ? ኧረ ውኃ ስጧት!» ይላሉ፤ ጭራሽ መኪናው ፊት ቆመው።

እዚህ ትዕይንት ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የሚፈነዳ ነገር የለም። ሁሉም ደግ ነው፤ ደግነታቸው ነው ልጅቷን የሚያስጨንቃት። ይሄ ሁሉ የመጣው ከሁለቱ ደንቦች ነው። ኃይሏን «ጊዜን ታቆማለች» ብለን ብንተወው ኖሮ ሰዎቹን አንድ በአንድ ተሸክማ አሻግራ ነገሩ በአንድ አንቀጽ ያልቅ ነበር።

ዋጋም ይኑረው። ትንፋሽ መያዝ ብቻ አይበቃም። ከዚያ በኋላ ራስ ምታት ይዟት የሂሳብ ፈተና ታበላሽ። ዋጋው የዓለም መጥፋት መሆን የለበትም። ለ17 ዓመት ልጅ የሂሳብ ፈተና ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሰማች ልጅ ናት። ፈተናውን ሻንጣ ይዛ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንደምትወስደውም ታውቃለች። ከዚህ የሚያስፈራ ጠላት ለመፍጠር ብዙ ገጽ ይፈጃል።

ቤተሰቡን መግደል

ሱፐርማን በ1938፣ ባትማን በ1939 እ.ኤ.አ. ሲመጡ ሁለቱም ወላጅ አልባ ነበሩ። ለደራሲ ይመቻል፤ «እስካሁን የት ነበርሽ?» የሚል ሰው የለም። እኛ ጋ ግን ወላጅ የሞተበት ልጅ እንዲያውም ጠያቂው ይበዛል። አክስት አለች። የክርስትና እናት አለች። ጎረቤት አለ። የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ መንገድ ላይ አስቁመው ውጤት ይጠይቃሉ።

የማርቭሏ ካማላ ካን በ2014 እ.ኤ.አ. የራሷ መጽሐፍ ሲጀመርላት ታሪኩ የተነሳው ከዚህ ነው። ወላጆቿ ከፓኪስታን የመጡ የጀርሲ ሲቲ ልጅ ናት። ድግስ አትሄጂም ተብላ ተደብቃ ትወጣለች፤ ኃይሉ የሚያገኛት እዚያው ምሽት ነው። ከጠላቶቿ እኩል እናትና አባቷን መጋፈጥ አለባት።

ወደ ሳምራዊት እንመለስ። እናቷ ነገሩን ብታውቅ ምን ታደርጋለች? እዚህ ጋ ብዙ ረቂቅ ይወድቃል። ሳይንቲስት ይመጣል፣ ምስጢራዊ ድርጅት ጥቁር መኪና ይልካል። ኧረ ወዲያ! በአብዛኛው ቤት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፦

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ፣ እማ።»

«ለማን ተናግረሻል?»

«ለማንም።»

«ጎሽ። ለእትዬ አስናቀች እንዳትተነፍሺ። ነገ ሌሊት አሥር ሰዓት እንነሳለን፤ እንጦጦ ማርያም፣ ጸበል።»

ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ ቁርኣን የሚቀራላት ይፈለጋል። ይሄን ለማሾፍ አታድርጉት። እናትየው ልጇን እየጠበቀች ነው፤ የምታውቀው መድኃኒት ይሄ ነው። ልጅቷ ደግሞ ጸበሉን በባዶ ሆዷ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ስትጠመቅ የሚወርደውን ውኃ ሳታስበው ብታቆመውስ? አጥማቂው ምን ይላሉ? እናትየው ምን ታያለች? ከዚህ ቦታ ታሪኩ ወደ ሦስት አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። አንዳቸውም ጥቁር መኪና አያስፈልጋቸውም።

ምስጢር መጠበቅም እንዲሁ ነው። ጭምብል አድርጋ ብትወጣ ሰፈሩ በአካሄዷ ያውቃታል። «ሳምሪ ማታ ማታ የት ነው የምትሄደው?» የሚለው ሐሜት ከማንኛውም መርማሪ ይፈጥናል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ከቤት ስትወጣ ምክንያት ይጠየቃል፤ ወንድሟ አይጠየቅም። ይሄን ልዩነት የማያይ ደራሲ ሴት ጀግና ባይጽፍ ይሻለዋል።

ከጥንት የመጣ ትንቢት

አጭር ነው። ኃይሉ ከአክሱም ሐውልት ሥር፣ ከላሊበላ ዋሻ ወይም ከአያት ቅድመ አያት መስቀል የሚወጣበት ረቂቅ ለከት አጥቷል። ታሪካችን ያኮራል፤ ማንም አልካደም። ግን ልጁ «ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የተመረጠ» ከሆነ ራሱ የሚመርጠው ነገር አይቀረውም። አንባቢውም፣ ያልተመረጠው፣ ውጭ ይቀራል። ሳምራዊት ኃይሏን ያገኘችው አንድ ማክሰኞ ታናሽ ወንድሟ ከደረጃ ሲወድቅ ነው ብንል ምን ጎደለ?

ክፋቱ ብቻ የሚታወቅ ጠላት

ዓለምን ሊገዛ የሚፈልግ ሰውዬ ከአራት ኪሎ ምን እንደሚሠራ አይገባኝም። ጠላቱ ግማሽ እውነት ይኑረው። ሰፈሩ የፈረሰበት፣ ጎረቤቱ የተበተነበት፣ ሁሉም ወደነበረበት እንዲመለስ የሚፈልግ ሰው ይሁን፤ ለዚያም ሰው ለመጉዳት ወደኋላ የማይል። ሳምራዊት የሚፈልገውን ትረዳዋለች፤ እሷም የምትናፍቀው ጎረቤት አላት። እጇን ዘርግታ ልታስቆመው ስትል እጇ የሚከብዳት ያኔ ነው። ደላላውን፣ ባለሥልጣኑን፣ ሀብታሙን በጭፍን ጠላት ማድረግ ቀላል ነው፤ ወጣት አንባቢ ግን ገጽ አሥር ላይ ይደርስበታል።

ስልኩን መርሳት

ከቸርችሉ ትዕይንት በኋላ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ አለ። ይኖራል። አስተያየቱ ውስጥ ግማሹ «ኤዲት ነው» ይላል፣ ግማሹ «ስምንተኛው ሺ» ይላል፣ አንዱ «ልጅቷን አውቃታለሁ» ብሎ ይጽፋል። ሦስተኛው ሰው ለምዕራፉ ይበቃል።

ንግግሩ

የ17 ዓመት ልጅ ጓደኛዋን «ወዳጄ ሆይ፣ አደጋ ላይ ነን» አትላትም። በሌላ በኩል ደግሞ የአራዳ ቃል በየመስመሩ መደርደርም ያው ነው። የዘንድሮ ቃል መጽሐፉ ታትሞ እስኪወጣ ያረጃል፤ አንባቢው «ይሄን ሼባ ነው የጻፈው» ይላል። እኔ የምመርጠው ቃሉን አሳንሶ አነጋገሩን መያዝ ነው። ያው ልጅ ለጓደኛዋ «ባክሽ ተይኝ» ትላለች፤ ለእናቷ «እሺ እማ» ብላ ዝም ትላለች፤ ለጎረቤቱ «አቤት፣ ጋሼ» ብላ ጎንበስ ትላለች። ሦስቱን መለየት ከቻላችሁ የአራዳ ቃሉ አንድ ሁለት ቦታ ይበቃዋል።

ምክር ደግሞ ይውጣልን። ትልቅ ሰው ለወጣት ሲጽፍ እጁ ወደ ምክር ይሄዳል። ሳምራዊት አንዳንዴ ኃይሏን ለማይረባ ነገር ታውለው፤ የሚነሳ አውቶቡስ ታስቁም፣ ጆሮ ግንድ ላይ ሊወርድ ያለ ጥፊ ታስቀር። ማንም አይቅጣት።

ረቂቁ ሲያልቅ ለ16 ዓመት ልጅ ስጡት። ሐሳቡን አትጠይቁት፤ ይሉኝታ ይዞት «አሪፍ ነው» ይላችኋል። የት ገጽ ላይ ስልኩን እንዳነሳ ብቻ እዩ። በእኔ ግምት አብዛኛውን ጊዜ ልብሷ የሚዘረዘርበት ገጽ ነው፤ ካባው፣ ቀበቶው፣ ምልክቱ። ማን ሰፋላት? በምን ብር? ሁሉም ነገር የሚደርስባት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስለሆነ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትሥራ፤ እጅጌው ላይ የቀለም ነጠብጣብ ካለበት ደግሞ ለቪዲዮው ሦስተኛ አስተያየት ሰጪ ጥሩ ፍንጭ ይሆናል።